ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱ ይታያል፦ ለጋምቤላ የሚታሰበው ትንሽ አውሮፕላንና የባለሀብቱ ገንዘብ

ክረምት ሲገባ የጋምቤላ ገበያ ለሁለት ይከፈላል። አስፋልት የደረሰበት ከተማ አንድ ገበያ፣ ውሃ የከበበው ቆላ ደግሞ ሌላ ገበያ ይሆናል። ወደ ጂካዎና ወደ አኮቦ የሚወስደውን መንገድ ጭቃና ጎርፍ ሲውጠው፣ ጨውም ሆነ ሳሙና በጀልባ ወይም በሰው ትከሻ ካልሆነ አይሻገርም። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ወለድ ይቆጥራል፤ ሸማቹ በበኩሉ የተገኘውን በተገኘው ዋጋ ይገዛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፣ የጎሬና የደምቢዶሎ ቡና በባሮ ላይ ወደ ካርቱም ይወርድ የነበረው የወንዙ ውሃ በሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። በጋ ላይ መርከቡ ይቆማል። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው በክረምት መኪናው ይቆማል። በሁለቱም ዘመን ነጋዴው የወቅት እስረኛ ነው።

እንዲህ ባለ ገበያ ላይ “ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ ሠርተን ለምን አንገላገልም?” የሚል ሐሳብ ቢነሳ አያስገርምም። ገንዘብ አዋጥቶ አክሲዮን ለመግዛት የሚዳዳውም አይጠፋም። ይሁንና ኪስ ከመከፈቱ በፊት ሐሳቡ በወረቀትና በእርሳስ መፈተሽ አለበት። በዚህ ንግድ ላይ የሚከስር ሰው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ “ኢትዮጵያ ውስጥ አውሮፕላን አይሠራም” የሚለው ክርክር ውድቅ ነው። “ፀሐይ” የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታለች። በጣሊያን ወረራ ተወስዳ ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ገዝቶ “እሸት” የተባለውን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን እዚሁ ገጣጥሟል። በቅርቡም አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከኢንተርኔትና ከመጻሕፍት በቀሰሙት ዕውቀት፣ በቮልስዋገን መኪና ሞተር የሚሠራ “ኬ-570ኤ” የተባለ አውሮፕላን በግላቸው ሠርተዋል። ስሙ ላይ ያለው 570 ሥራው የፈጀውን ቀን ይቆጥራል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. የተደረገው የማብረር ሙከራ ግን አልተሳካም።

ከእነዚህ መካከል ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው “እሸት”ን ነው። አየር መንገዱ ከፈቃዱ ጋር የገዛው ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም። የተፈተነ ንድፍ፣ የታወቀ ሞተር፣ እያንዳንዱን ሥራ አይቶ የሚፈርም የቁጥጥር ሥርዓትም አብሮ መጥቷል። ለብቻው የሚሠራ ሰው የሚጎድለው ብልሃት ሳይሆን ይኸው ሌላ ዓይን ነው።

ጭነቱ ስንት ኩንታል ነው?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በዓለም ላይ በግለሰቦች የሚሠሩት ባለሁለት ወንበር አውሮፕላኖች ሞልተው ሲነሱ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናሉ። ባዶ አካላቸው ከ260 እስከ 300 ኪሎ ነው። ከቀሪው ላይ አብራሪው 80 ኪሎ፣ ነዳጁ 60 ኪሎ ይቀነሳል። ለንግድ የሚተርፈው በትንሹ አንድ ኩንታል፣ ቢበዛ ከአንድ ኩንታል ተኩል ብዙም ያልዘለለ ነው። አንድ ኩንታል ጨው ጭኖ አኮቦ የሚደርስ አውሮፕላን የነዳጁን እንኳ አይመልስም።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። አማተር ሠሪዎች በብዛት በሚገኙባት አሜሪካ፣ አብዛኛውን ክፍል ሠሪው ራሱ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ የሠራው አውሮፕላን የሙከራ ምስክር ወረቀት ያገኛል። በክፍያ ሰውም ሆነ ዕቃ ማጓጓዝ ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ በቤት በተሠራ አውሮፕላን የጭነትና የመንገደኛ ትርፍ አከፋፍላለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ ኪስን መዝጋት ነው። ጭነት የሚፈልግ ነጋዴ ፈቃድ ካላቸው አየር አጓጓዦች የተመሰከረለት አውሮፕላን ቢከራይ ይሻለዋል። የአቦቦን ወይም የኢታንግን ማሳ ከላይ ማየት ለሚፈልግ ባለእርሻም ፈቃድ ያለው ድሮን በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ታዲያ ምን ቀረ? ሙያው ቀረ። ብየዳ፣ የቆርቆሮ ሥራ፣ የሞተር ዕውቀት፣ መለካትና መመዝገብ የለመደ ወጣት ቀረ። ለባለቤቱ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን አንድ አውሮፕላንም ይኖራል። ይህን ዓላማ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሞኝ አይባልም። ግን ገንዘቡ የት ላይ መዋል እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

አየሩም ዋጋ አለው

ብዙ ሰው ጋምቤላ ሞቃት ስለሆነች ለትንሽ ሞተር አትመችም ይላል። ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በ22 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ሞተሩ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 28 ይሆናል ማለት ነው። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ አየሩ የ1,450 ሜትር ያህል ሆኖ ይሰማዋል፤ የሚጠፋው ጉልበት ከ15 በመቶ አይበልጥም። በደጋ መነሳት ያቃተው አውሮፕላን በባሮ ዳር ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ደካማ ሞተር ይዞ ከአዲስ አበባ በጎሬ ተራሮች ላይ በርሮ ወደ ጋምቤላ መውረድ አይታሰብም። በጭነት መኪና ወርዶ እዚያው ይገጣጠም።

ሙቀቱ ግን ሌላ ዕዳ ያመጣል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ የመኪና ሞተር በ40 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ ጉልበት አውጥቶ ሲወጣ ራሱን ያቃጥላል። ቤንዚኑም ሞተር አጠገብ ባለው ቧንቧ ውስጥ ተንኖ መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። እንጨት ከተመረጠ እርጥበቱና ምስጡ አይምሩትም። አውሮፕላኑን የሚሸፍነውን ጨርቅ ፀሐይ ይበላዋል። ስለዚህ መጠለያው ከአውሮፕላኑ በፊት መሠራት አለበት።

ነዳጅም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በመኪና ቤንዚን የሚሠራ ሮታክስን የመሰለ ሞተር ይመረጣል። አዲሱ ሞተር ብቻውን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዶላር በብር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ይህን ሁሉ አውጥቶ በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚቸረቸር ቤንዚን መቅዳት ግን በሐር ልብስ ጭቃ ውስጥ መቀመጥ ነው። ውሃና ቆሻሻ የገባበት ነዳጅ መሬት ላይ መኪና ቢያቆም ተገፍቶ ይነሳል። አየር ላይ የሚገፋ የለም።

ገንዘቡ በየደረጃው ይለቀቅ

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በግለሰብ የተሠሩ አውሮፕላኖች በፋብሪካ ከተሠሩ አቻዎቻቸው ይልቅ በብዛት አደጋ እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። በግንባር የተቀመጡት ምክንያቶች የሞተር መቆምና አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ማቃቱ ናቸው። ብዙው አደጋ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ላይ መሆኑም ተገልጿል። ክንፍ ተገንጥሎ የሚሞት ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሚሞተው ነዳጅ ባልደረሰው ሞተርና ባልተለመደ መሪ ነው።

ሕንፃ ያሠራ ነጋዴ መፍትሔውን ያውቀዋል። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት አማካሪው መሐንዲስ ወጥቶ ብረቱን ያያል፤ ሳይፈርም ሲሚንቶ አይፈስም፤ ክፍያም አይለቀቅም። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ክንፉ በቆርቆሮ ወይም በጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም። ስለዚህ ባለሀብቱ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይስጥ፤ በአምስት ደረጃ ይልቀቅ።

አንደኛው ደረጃ ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከመገዛቱ በፊት ሠሪው የተፈተነ ንድፍ ይዞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ያነጋግር፤ የሚጠየቀውንም በጽሑፍ ይቀበል። ጋምቤላ የድንበር ክልል ስለሆነች ያለ ፈቃድ አየር ላይ የሚታይ ነገር ከሞተር መቆም የባሰ መዘዝ አለው።

ሁለተኛው ከመሸፈኑ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው። ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ቴክኒሻን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አይቶ ይፈርም። ቡሎኑ ከነደረሰኙና ከነምስክር ወረቀቱ ይቅረብ። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ቡሎን ለአልጋ ይሆናል፤ ለክንፍ አይሆንም።

ሦስተኛው የነዳጅ ፍተሻ ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ለመነሳት እንደሚያቀና ሽቅብ ተደርጎ፣ ነዳጁ ወደ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚደርስ በመያዣ ይለካ። በስበት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ከሚፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ መድረስ አለበት። ፍተሻው ባልዲና ሰዓት ብቻ ይጠይቃል፤ ብዙ ነፍስ ግን ያድናል።

አራተኛው ሚዛንና ዕቃ ነው። አውሮፕላኑ በሦስቱ ጎማዎቹ ላይ ተመዝኖ የክብደቱ ማዕከል ንድፉ ካስቀመጠው ወሰን ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። የፍጥነት፣ የከፍታ፣ የዘይት ግፊትና ሙቀት መለኪያዎች፣ ኮምፓስና ሬዲዮ ይሟሉ። የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ይሁን። በ121.5 ብቻ የሚጮኹትን አሮጌ መሣሪያዎች ሳተላይት ማዳመጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነው። አሮጌውን በርካሽ ገዝቶ በጂካዎ ረግረግ ላይ የወደቀን ሰው ፈላጊ አያገኘውም።

አምስተኛው ሙከራው ነው። የመጀመሪያውን በረራ ሠሪው ሳይሆን ልምድ ያለው አብራሪ ብቻውን ያድርገው። በቅድሚያ በሜዳ ላይ መንዳት፣ ቀጥሎ ለአየር ማረፊያ ቅርብ በረራ፣ ከዚያ የተመዘገቡ የሙከራ ሰዓቶች ይከተላሉ። አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ ከ25 እስከ 40 ሰዓት ይጠየቃል። እስከዚያ ድረስ ባለአክሲዮንም ሆነ የወረዳ ሹም አይሳፈርም። ለምርቃት ሕዝብ ሰብስቦ የመጀመሪያውን በረራ ማሳየት የሚሉት ልማድም ይቅር። ሕዝብ እያየው “ዛሬ አልነሳም” ለማለት የሚደፍር አብራሪ ጥቂት ነው።

ከአምስቱ በአንዱ ላይ ፊርማ ከጠፋ ክፍያው ይቁም። ሠሪው ቅር ቢለው ይሻላል። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ አውሮፕላን ዋጋው ይንራል፤ ጊዜውም ይረዝማል። ምናልባትም ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ሥራው ይቆም ይሆናል። ያኔ ባለሀብቱ የሚያጣው ሁለት ክፍያ ነው፤ ወጣቶቹ ግን ሙያቸውን ይዘው ይቀራሉ። ያለ ፊርማ የተሸፈነው ክንፍ ግን ሒሳቡን የሚያወራርደው ሰው ከተሳፈረበት በኋላ ነው።