የባዛሩ መብራትና የእናቶቻችን መልክ

ለመስቀል በዓል ጉንችሬ ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ እንደምትመሰክሩልን፣ በዚያን ሰሞን ከተማይቱ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለችም። ከአዲስ አበባም፣ ከወልቂጤም፣ ከቡታጅራም የኢነሞር ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አባት ልጁን፣ አያት የልጅ ልጁን ያያል። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ንግድ አለና ባዛር ይተከላል፤ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ፣ የፕላስቲኩ ዕቃ ይደረደራል። እኛም ጥቂት ተማሪዎች ለደብተርና ለመጓጓዣ የምትሆን ገንዘብ እናገኛለን ብለን በእንዲህ ያለው ባዛር ላይ አንዲት ድንኳን ተከልን። ሥራችን ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ስላገኘነው ትርፍ ለማውራት አይደለም፤ ስለ ሠራነው ጥፋትና ጥፋቱ ስላስተማረን ነገር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ካሜራው ራስ ላይ ፍላሽ ሰክተን እንደ መብረቅ ስናብለጨልጭ ዋልን። ከማተማችን በፊትም «ደንበኛ የሚወደው ይህን ነው» እያልን የሰውን ሁሉ ፊት በኮምፒዩተር አነጣነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ነጭ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ብልጭታው ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደግመን አነሣን፤ በሦስተኛው ተሳካልን። ፎቶግራፉን ስንሰጣቸው አገላብጠው ተመለከቱትና፣ «ልጆቼ፣ ይህቺ ማን ናት? እኔንስ የት አደረጋችሁኝ?» አሉን። እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ። እኛም በዚያች ሌሊት ስንከራከር አመሸን።

በማግሥቱ ሠርግ ከሚቀርጽ ዘመዳችን ሳያቋርጡ የሚበሩ ሁለት የኤል ኢ ዲ መብራቶች ተዋስን። ከዚያ ወዲህ ያለን አሳብ ይህ ነው፦ በባዛር ላይ የሰው መልክ የሚያነሣ ሁሉ ፍላሹን ትቶ ቋሚውን መብራት ይያዝ፤ የሰውንም ፊት አያንጣ።

አንደኛው ምክንያታችን ለሰው ያለን አክብሮት ነው። ፍላሽ ምን እንዳደረገ የሚታወቀው ካደረገ በኋላ ነው። ቋሚው መብራት ግን ከመነሣቱ በፊት ይታያል፤ ጥላው ከአፍንጫ በታች የት እንደወደቀ፣ ዓይን ውስጥ ብርሃን እንዳለና እንደሌለ አንሺውም ተነሺውም ያውቃል። ተነሺው ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሲሆኑ አይደነግጡም፤ መብራቱን ይለምዱታል፤ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው መልካቸው ይመጣል። አጠገባችን የሚነግዱት ጎረቤቶችም በየደቂቃው ብልጭታ አይታወኩም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። የጥንቱ የፎቶ ቤት አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ስለ ነበር ተቀማጩን ያልበው ነበር። ኤል ኢ ዲ በጥቂት ኃይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ በባትሪ ስለሚሠራም መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ለዚህ ያበቃን የሰማያዊው ኤል ኢ ዲ መገኘት ሲሆን፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በእርሱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ዳሩ ግን የሚያበራ ሁሉ መልክ ያሳያል ማለት አይደለም። ነጭ ኤል ኢ ዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሰማያዊ ብርሃን በቢጫ ቅመም ውስጥ እንዲያልፍ በማድረግ ነው፤ በርካሹ አምፖል ውስጥ ቀዩ ብርሃን ይጎድላል። የእኛ ቆዳ ጠይምም ሆነ ጥቁር ሙቀቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከቀዩ ስለሆነ፣ ቀዩ ሲጎድል ፊታችን አመድ ይመስላል። ስለዚህ ገዢው የዋቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያውን ይጠይቅ፤ ከ100 ቢያንስ 95 ቢሆን መልካም ነው። ርካሹ አምፖል ሌላም ጉድ አለው። ኤሌክትሪካችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ እንዲህ ያለው አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን ባያየውም ካሜራ ያየዋል፤ በፎቶግራፉ ላይም ጥቁር መስመር ይጋደማል። የካሜራውን ፍጥነት በሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ላይ ማድረግ ከዚህ ያድናል።

አቀማመጡም ዕውቀት ይፈልጋል። መብራቱ ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ወጣ ብሎ ከዓይን ጥቂት ከፍ ይበል። በፊቱ ነጭ ስስ ጨርቅ ብንዘረጋ ብርሃኑ ይለዝባል፤ ጨርቁ ሰፊና ለተነሺው ቅርብ በሆነ መጠን ጥላው ይለሰልሳል። ትንሹን መብራት ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብናርቀው ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ከፊዚክስ መምህራችን ተምረናል፤ ድንኳን ውስጥ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ነጠላ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ካሜራው ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ ፊት ይጨልማል፤ ለፊት ብለን ብርሃን ስንጨምር ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል። መድኃኒቱ መብራቱን በመጠኑ አዙሮ መሀሉን ለፊት፣ ጠርዙን ለነጠላው መስጠት ነው። የድንኳኑ ሸራ ሰማያዊ ከሆነም ፊት ሰማያዊ ይሆናልና ከተነሺው ጀርባና ጎን ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ ይሰቀል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፍላሽ እኮ ኃይለኛ ነው፤ የሚዘልን ጨፋሪ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ያበራል» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ለጭፈራና ለብዙ ሰው ፍላሽ ይብለጥ። እኛ የምንናገረው ግን ወንበር ላይ ስለ ተቀመጠ አንድ ሰው ነው። «ሰው ራሱ ነጥቶ መታየት ይወዳል» የሚለው ክርክር ግን ከዚህ ይከብዳል። ኧረ ለመሆኑ ይህን ውደድ ብሎ ያስተማረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ታሪክ ማንሣት ግድ ይሆናል። የኮዳክ ፊልም ቀለም ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው «የሸርሊ ካርድ» በሚባለው የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ፊልም ዝርዝሩ ሲጠፋ ብዙ ዘመን የሰማ አልነበረም፤ ለማሻሻል የተነሡት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የዕቃችን ቀለም አልታይ አለ» ብለው ካጉረመረሙ በኋላ እንደ ነበር ይነገራል። በእኛም አገር ፎቶግራፍ ቀድሞ የታወቀው በቤተ መንግሥት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሥራውን ወርሰው ለተከታዮቹ ነገሥታት አንሥተዋል። የገበሬው ሚስት ግን ከመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ምን አላት? ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዳችን ኪስ ሲገባ፣ እኛው የተማርነው የእናቶቻችንን ፊት በገዛ እጃችን እንሰርዝን?

ስለዚህ አሳባችንን በሥራ እንድንገልጽ እንጠይቃለን። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ እንዳሠሩ ሁላችን በኩራት እናወራለን። ከዚያ አንጻር ሁለት መብራትና አንድ ነጭ ጨርቅ ምን ያህል ሸክም ነው? በየትውልድ ወረዳችን ዕቁብ እንግባ፤ በእረፍታችን ጊዜ ድንኳናችንን በባዛሩ እንትከል፤ ከሚከፍለው ተቀብለን ለማይችሉት ሽማግሌዎች በነፃ እናንሣ። ሳናስፈቅድ አናንሣ፤ አትመን እንስጥ እንጂ በስልካችን ይዘን አንጥፋ፤ ፊትንም እንደ ፈጣሪው እንተወው።

እኚያ እናት በሦስተኛው ቀን ለገበያ ሲያልፉ አገኘናቸው። ይቅርታ ጠይቀን በአዲሱ መብራት እንደገና አነሣናቸው፤ ገንዘብም አልተቀበልንም። ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «እናቴን መስያለሁ» አሉን። የእናታቸው ፎቶግራፍ አላቸውን ብለን ብንጠይቃቸው የለም አሉ። ጓደኞቻችን ሆይ፣ በሚመጣው መስቀል ወደየቤታችሁ ስትገቡ ይህችን መልስ አስታውሱ።