ዋይፋዩ ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ 11ን መጫን የማይችሉ የቤት ላፕቶፖች ሊኑክስ፣ በተለይም ኡቡንቱ፣ እየተጫነባቸው ነው። ነፃ ነው፤ አሮጌውንም ማሽን ያፈጥነዋል። ችግሩ የሚመጣው ልጅዎ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሊለማመድ ሲከፍተው ነው፤ የጎረቤቱ ዋይፋይ እንኳ ስሙ አይታይም። ጠጋኙ «ካርዱ ተቃጥሏል» ይላል፣ እርስዎም ቦርሳዎን ይከፍታሉ።

ቆይ! ዊንዶውስ ላይ እስከ ትናንት የሠራ ካርድ ሌሊቱን አይቃጠልም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም። ኢንቴል ለካርዶቹ የሚሆነውን ለሊኑክስ ስለሚያቀርብ ወዲያው ይሠራሉ። በአሮጌ ዴል፣ ኤችፒና ማክ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ የብሮድኮም ካርዶች ግን ፋብሪካው ኮዱን ያልገለጠው ድራይቨር ይፈልጋሉ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአገራችን ተማሪዎች የታደሉትን ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች ያስታውሳሉ? የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ሆኖም የዋይፋያቸው ውስጣዊ ኮድ ዝግ ነበር። ጣጣው የቆየ ነው።

ታዲያ ያለ ኢንተርኔት ድራይቨሩን ከየት ያመጣሉ? ከስልክዎ። አንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ከስልኩ ማስተካከያ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ስልኩ ከቤት ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ብዙዎቹ ስልኮች ያንኑ ስለሚያሳልፉ የሞባይል ዳታዎ አይነካም። ከዚያ ኡቡንቱ ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ካርዱን ራሱ ፈልጎ የሚስማማውን ያቀርብልዎታል። መርጠው «አፕላይ» ይበሉ። ምንም ካላገኘ ቴርሚናል ላይ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዘው ይጻፉ፤ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ከሚለው ጎን የሚወጣውን የካርድ ስም ለሚያውቅ ሰው ይላኩ። አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላለ ሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ ጅማ ከመምጣት ይሻላል።

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ግን ከዚህ በኋላ ነው። «ሴኪዩር ቡት» በበራበት ላፕቶፕ ላይ ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል ያስመርጥዎታል። ይጻፉት። ሲያጠፉና ሲያበሩት ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ አንድ ቁልፍ ካልነኩ ያልፋል፤ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ አይሠራም። ቁልፍ ነክተው «ኢንሮል» የሚለውን ይምረጡ፣ ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ ሻጩ ለምን አይነግርዎትም? ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ አይገርመኝም፤ ትርፍ የሌለውን ነገር ቆሞ የሚያስረዳ የለም። እዚህ እኛ መንደራ ቆጪም ሆነ አዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሄዱ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይያዙ። ከፍላሹ አስነስተው «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ይምረጡ፤ ዲስኩ ላይ ምንም አይጫንም። የአካባቢው ዋይፋዮች ከተዘረዘሩ ካርዱ ድራይቨር ፍለጋ አያስኬድዎትም። ካልተዘረዘሩ የካርዱን ስም ይዩ፤ ብሮድኮም ከሆነም ሥራ እንደሚጠብቅዎት አውቀው ዋጋ ይከራከሩ።