ማንጋ ስለሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ፤ ዓይን የሚወደውና ልብ የሚያተርፈው

በዛሬው ዘመን በየቤቱ ያሉ ልጆች ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ከመጽሐፍም ከስልክ መስታወትም ላይ እያነበቡ ሲስቁና ሲያዝኑ ይታያሉ። አባቶችና እናቶች ግን ይህን ነገር ሲያዩ አሳባቸው በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቹ «የልጅ ጨዋታ ነው፤ ተዉት» ብለው ያልፉታል፤ ሌሎቹም «ጊዜ የሚያባክን ከንቱ ነገር ነው» ብለው ከልጁ እጅ ይነጥቁታል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ሥዕሉን ሳይመለከቱ መፍረዳቸው ነው። ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ በችሎት ነውር እንደ ሆነ ሁሉ በቤትም ነውር ነውና፥ በዛሬው ጽሑፋችን የማንጋን ልዩ ልዩ የአሣሣል ስልት አንድ በአንድ እያነሣን፥ እያንዳንዱ ስለ ምን እንደሚወደድ፥ እኛም የትኛውን ከየትኛው እንደምናስበልጥ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማንጋ የሚለው ስም በጃፓን አጻጻፍ ከሁለት ፊደላት የተሠራ ነው፤ ፊተኛው ያለ ልጓም እንደ ልብ የሚሄድ ማለት ሲሆን፥ ኋለኛው ሥዕል ማለት ነው። ለስሙ መታወቅ ብዙ ያደረገው ከ1760 እስከ 1849 የኖረው ታላቁ ሠዓሊ ካትሱሺካ ሆኩሳይ ነው። እርሱ «የሆኩሳይ ማንጋ» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1814 አወጣ፤ መጻሕፍቱም እየተከታተሉ 15 ደረሱ፤ የመጨረሻውም የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1878 ነው። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ታጋዮችና ሠራተኞች፥ መንገደኞችና ወፎች፥ ዓሣዎችና ተራሮች ተሥለዋል፤ ነገር ግን ከገጽ ወደ ገጽ የሚሄድ አንድ ታሪክ የላቸውም። ከርሱም ብዙ ቀደም ብሎ፥ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሣሉ የሚነገርላቸው፥ በኪዮቶ ከተማ የኮዛንጂ ገዳም ሀብት የሆኑ የወረቀት ጥቅሎች አሉ። በነርሱም ላይ ጥንቸሎችና እንቁራሪቶች እንደ ሰው ሲታገሉ፥ ዝንጀሮም መነኵሴ ሆኖ ጸሎት ሲያደርስ ይታያል። የዛሬው ማንጋ ግን ከነዚህ ብቻ የተወለደ አይደለም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ የጋዜጣ ሥዕልም ከወላጆቹ አንዱ ነው።

ስለ ስልቶቹ ከመናገራችን በፊት የአነባበቡን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። የማንጋ መጽሐፍ በቀኝ በኩል ተጀምሮ ወደ ግራ ይገለጣል። ገጹ በሳጥኖች ይከፈላል፤ ሰፊ ሳጥን ዓይንን ያዘገያል፥ ጠባብ ሳጥን ያስቸኵለዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ሰዓት ሳይኖረው ጊዜን ይለካል። ድምፅም ከሥዕሉ ጋራ ይሣላል፤ ነጐድጓዱ በወፍራም ፊደል፥ ሹክሹክታው በቀጭን ፊደል ይጻፋል። ጃፓኖች ለዝምታ እንኳ «ሺን» የሚል የድምፅ ቃል ስላላቸው፥ ባዶ ክፍል ውስጥ ይህ ቃል ተጽፎ ሲታይ ዝምታው የሚሰማ ይመስላል። ሥራው በአብዛኛው በጥቁርና በነጭ ነው፤ ቀለም በሌለበትም ሁሉ ነገር በመሥመሩ ላይ ይወድቃል።

ከስልቶቹ ሁሉ በዓለም ይልቁን የታወቀው የትልልቅ ዓይኖች ስልት ነው። ይህን ያስፋፋው ከ1928 እስከ 1989 የኖረው ኦሳሙ ቴዙካ ሲሆን፥ ሰውዬው የሕክምና ትምህርት ተምሮ ሳለ ኑሮውን በብዕሩ ላይ መሠረተ። ያደገው ታካራዙካ በምትባል ከተማ ነው፤ በዚያችም ከተማ ወንዱንም ሴቱንም ሆነው የሚጫወቱት ሴቶች ብቻ የሆኑበት የታወቀ ቴአትር አለ። የነዚያ ተጫዋቾች የተኳሉ ዓይኖችና የአሜሪካው የዋልት ዲዝኒ ሲኒማ ሁለቱ ተደባልቀው በብዕሩ ላይ ታዩ። በ1952 የጀመረው የአቶም ታሪክ የዚህ ስልት ዋና ምሳሌ ነው። ልጁ በመኪና አደጋ የሞተበት አንድ ሊቅ ሮቦት የሆነ ልጅ በሟቹ መልክ ይሠራል፤ ነገር ግን ያ ልጅ እንደ ሰው ልጅ አያድግምና ጠልቶት ለሰርከስ ይሸጠዋል። የአቶም አካል መኪና ነው፤ ዓይኖቹ ግን የሕፃን ዓይኖች ናቸው። አንባቢው ሮቦት ነፍስ አለው ወይስ የለውም ብሎ ሳይከራከር ፊቱን እንዳየ ይራራለታል። የዚህ ስልት ኃይል በዚህ ላይ ነው፤ ፍርድን ከርኅራኄ በኋላ ያስከትላል።

ትልቅ ዓይን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ሙሉ ሆኖ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጐን አንድ ዓይን ብቻ ይዘው ይታያሉ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በተከታታይ ሳጥኖች ተከፍሎ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሮአል። ይህን ስንል አንዱ ከሌላው ተወሰደ ማለታችን አይደለም፤ በዓይንና በሳጥን ታሪክ መናገርን ሁለቱም ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ አግኝተውታል። የሚለያዩበትም ነገር አለ፤ በእኛ ሥዕል ቅዱሱ ተመልካቹን ያያል፤ በቴዙካ ሥዕል ተመልካቹ በዓይኑ በኩል ወደ ባለታሪኩ ልብ ውስጥ ያያል።

ሁለተኛው ለልጃገረዶች የሚሣለው ስልት ነው። ገና በ1930ዎቹ ጁንኢቺ ናካሃራ የተባለ ሠዓሊ ለልጃገረዶች መጽሔት ዓይናቸው የጐላ፥ አንገታቸው የቀጠነ ቈነጃጅትን ይሥል ነበር። በኋላም ዘመን ይህ ውበት በማንጋ ላይ ዐደረ። በዓይን ውስጥ ኮከብ ያበራል፤ በሐዘንተኛዋ ዙሪያ አበባ ይረግፋል፤ ፀጕርና ቀሚስ ከሳጥኑ አልፎ ገጹን ሁሉ ይሞላል። ገጹ የሚሰናዳው ሰው በቆመበት ስፍራ ልክ ሳይሆን በልቡ ስሜት ልክ ነው። የቤተ መንግሥትን ታሪክ ማንበብ የሚወዱ አንባቢዎቻችን ሪዮኮ ኢኬዳ ከ1972 እስከ 1973 የሣለችውን የቬርሳይ ጽጌረዳ የተባለውን ታሪክ ቢመለከቱ ደስ ይላቸው ይሆናል። ኦስካር የተባለችው የጄኔራል ልጅ እንደ ወንድ አድጋ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ጠባቂ ትሆናለች፤ በመጨረሻ ግን ከሕዝቡ ጋራ ቆማ በባስቲል ውጊያ ትሞታለች። ጌጡ በበዛ ቍጥር ውድቀቱ ይከብዳል። የዚህ ስልት ጕድለት ግን ፊቶች ሁሉ ውብ ስለሚሆኑ አንዱን ከሌላው የሚለየው አንዳንድ ጊዜ ፀጕሩ ብቻ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የጋዜጣ የአራት ሳጥን ስልት ነው፤ ይህም ለቤተ ሰብ ከሁሉ የቀረበ ነው። ማቺኮ ሃሴጋዋ የተባለች ሴት ሳዛኤ የምትባል የአንዲት ባለትዳርን ኑሮ በ1946 በፉኩኦካ በሚታተም ጋዜጣ ላይ መሣል ጀመረች፤ በኋላም በአሳሂ ጋዜጣ ላይ እስከ 1974 ቀጠለች። በአንድ ቤት ውስጥ አያቶች፥ ልጆችና የልጅ ልጅ ዐብረው ይኖራሉ፤ ስማቸውም ሁሉ ከባሕር የተወሰደ ነው፤ አንዷ የባሕር ቀንድ አውጣ፥ አንዱ ዓሣ፥ አንዷ የባሕር ሣር ትባላለች። ጦርነቱ ባለቀበት በችጋሩ ወራት፥ የዕለት ምግብ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ፥ ይህች ሴት ሕዝቡን በራሱ ድህነት ላይ አሣቀችው። የሥዕሉ መሥመር እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓይን ነጥብ ነው፥ አፍ ጭረት ነው። ሥርዓቱም መነሻ፥ ማስፋፊያ፥ መታጠፊያና መደምደሚያ ያለው ሲሆን፥ የተገኘው ከጥንቱ የቻይና የአራት ስንኝ ግጥም ነው። በቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ በሦስተኛው ሳጥን ላይ ነገሩ ሲታጠፍ ባየ ጊዜ ወርቁ ከሰሙ ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ ደስታ ይሰማዋል።

አራተኛው ጌኪጋ የሚባለው ስልት ነው። ዮሺሂሮ ታትሱሚ የተባለ ሠዓሊ የልጆች ሣቅ ሰልችቶት ለጐልማሶች የሚሆን ሥዕል ለመሥራት ስለ ፈለገ፥ በ1957 ለሥራው ይህን ስም ሰጠው፤ ትርጓሜውም ድራማ ያለበት ሥዕል ማለት ነው። መሥመሩ ሻካራ፥ ጥላው ጥቁር፥ ፊቱ የደከመ ሠራተኛ ፊት ነው። ከተማው ሰፊ ሆኖ ሰውዬው ብቻውን ነው። የዚህ ስልት ውበት በእውነተኛነቱ ላይ ነው፤ ለሕፃናት ግን የተሠራ አይደለምና ወላጆች ይህን ማወቅ አለባቸው።

አምስተኛው የሺጌሩ ሚዙኪ ስልት ነው። ይህ ሰው በ1922 ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ራባውል ዘመተና ግራ ክንዱን አጣ፤ ከዚያ በኋላ በቀረለት በቀኝ እጁ እየሣለ እስከ 2015 ኖረ። በልጅነቱ አንዲት አሮጊት የነገረችውን የመናፍስት ተረት ለመላው ጃፓን ልጆች አካፈለ። በሥዕሉ ሰዎቹ ቀላልና አስቂኝ ናቸው፤ ከጥቂት መሥመር በላይ የላቸውም። ከበስተ ኋላ ያለው ዛፍ፥ የሣር ክዳንና የድንጋይ ደረጃ ግን በጥቃቅን ነጥብ ተለቅሞ ፎቶግራፍ እስኪመስል ድረስ ይሣላል። በ1973 ባወጣው የጦርነት መጽሐፍ ወታደሮቹ የሚራቡ፥ የሚቀልዱ፥ በአለቆቻቸው በጥፊ የሚመቱ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ጫካው ግን ጥልቅና እውነተኛ ነው። በመጨረሻም የሙታኑ አስከሬን እንደ ጫካው በጥልቅ ጥንቃቄ ተሥሎ ይታያል፤ በሕይወት ሳሉ ቀላል የነበሩት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ክብደት አገኙ።

እንግዲህ ወላጆች «ሥዕል ልጅን ይጐዳልን?» ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ በጃፓንም የተጠየቀ ነው። በ1955 ገደማ የእናቶችና የመምህራን ማኅበራት በማንጋ ላይ ተነሥተው መጻሕፍት እስከ ማቃጠል ደርሰው ነበር፤ የቴዙካም ሥራ ከነቀፋው አልዳነም። ይሁን እንጂ በ1994 ያደገባት የታካራዙካ ከተማ በስሙ ቤተ መዘክር ከፈተችለት። በቅርብ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኬጂ ናካዛዋ በ6 ዓመቱ የሂሮሺማን የአቶሚክ ቦምብ አይቶ ተርፏል፤ አባቱ፥ እኅቱና ወንድሙ ግን በዚያ ጊዜ ሞቱበት። ያየውንም ጌን በሚባል ልጅ ታሪክ አድርጎ ከ1973 ጀምሮ ሣለው። አሣሣሉ ወፍራምና ጯኺ ነው፤ ቅንጦት የለውም፤ የተቃጠሉትንም ሰዎች አይሸፍንም። በ2012 መጨረሻ የማትሱዌ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሥዕሉ ለልጆች እጅግ ይከብዳል ብሎ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንደ ልብ እንዳይነበብ አዘዘ፤ ሕዝቡ ሲቃወም ግን በነሐሴ 2013 ትእዛዙ ተሻረ። እኛም የሚመስለን፥ ሕፃን ብቻውን እንዲያየው የማይገባ ሥዕል አለ፤ ከአባቱና ከእናቱ ጋራ ቢያየው ግን የሚያስተምረው ይሆናል። መጽሐፉን መቈለፍ ቀላል ነው፤ አጠገብ ተቀምጦ ማስረዳት ግን ድካም አለበት። የወላጅነት ሥራም ይኸው ድካም ነው።

ፍርዳችንን እንድንሰጥ ቃል ገብተናልና እነሆ። በጌጥ የሴት ልጆቹን ስልት፥ በርኅራኄ ቴዙካን፥ በጨዋታና በቤት ጠባይ ሃሴጋዋን፥ በድፍረት ታትሱሚንና ናካዛዋን እናመሰግናለን። ከሁሉ የምናስቀድመው ግን ሚዙኪን ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ፊቱ ቀላል ስለ ሆነ ማንኛውም አንባቢ የራሱን ወይም የወንድሙን ፊት ሊያኖርበት ይችላል፤ ስፍራው ግን በጥንቃቄ ስለ ተሣለ ነገሩ ተረት ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ሰው አላፊ መሆኑን፥ ምድር ግን ነዋሪ መሆኗን በቃል ሳይናገር በመሥመር ውፍረትና ቅጥነት ብቻ ያሳያል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሌላውን የሚያስበልጥ ቢኖር አንከራከረውም፤ አይቶ የመረጠ ሰው ምርጫው የተከበረ ነውና።

በቤታችሁም ይህን ለመፈተን ለምትፈልጉ ሦስት ነገር እንመክራለን። መጀመሪያ፥ የተጻፈውን ቃል በወረቀት ሸፍናችሁ ታሪኩ በሥዕሉ ብቻ ይገባችሁ እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ጥሩ ሠዓሊ ያለ ቃል ይናገራል። ሁለተኛ፥ ፊቱን ትታችሁ እጁንና ከበስተ ኋላ ያለውን ስፍራ እዩ፤ የሠዓሊው ትጋትና ስንፍና የሚታወቀው በዚያ ነው። ሦስተኛ፥ መጽሐፉ ለማን ዕድሜ እንደ ተሠራ መርምሩ፤ በጃፓን የማንጋ መጽሔቶች ለወንድ ልጆች፥ ለልጃገረዶችና ለጐልማሶች ተለይተው ይታተማሉና፥ ሁሉን እንደ አንድ ቈጥሮ መፍቀድም መከልከልም ስሕተት ነው። ከዚያም ልጁን «የቱ ሥዕል ደስ አለህ? ስለ ምንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በትዕግሥት ብትሰሙት ስለ ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጃችሁ ልብ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ።