የሞክሼ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ ከባለቤቱና ከአማቱ ጋር ሆኖ ኒሳን ሊገዛ ካሊፎርኒያ ደብሊን ከተማ ወደሚገኝ መኪና ሻጭ ሄደ። ሻጩ ክሬዲቱን ካየ በኋላ ግን አልሸጥልህም አለው። ከክሬዲት ቢሮው ከትራንስዩኒየን የመጣው ሪፖርት፣ ስሙ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከያዘው የአሸባሪዎችና የዕፅ አዘዋዋሪዎች ዝርዝር ጋር ገጥሟል ይላል። ኩባንያው ያመሳከረው ስምን ብቻ ነበር፤ የልደት ቀን እንኳ አላየም። መኪናው በባለቤቱ ስም ተገዛ።

ራሚሬዝ ትራንስዩኒየንን ከሰሰ፤ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ። ያው ምልክት ከተለጠፈባቸው 8,185 ሰዎች መካከል በሐሰት ምልክቱ ካሣ የመጠየቅ መብት አላቸው የተባሉት፣ ሪፖርታቸው ለአበዳሪ የተላከባቸው 1,853 ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ስም ኩባንያው መዝገብ ውስጥ ብቻ ስለጠፋ እንዳልጠፋ ተቆጠረ!

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ይህን ታሪክ ችላ ሊለው አይገባም። ላስት ኔም የምንለው የአባት ስም ነው፤ ስለዚህ ዝምድና የሌላቸው ሞክሼዎች ሞልተዋል። ፀሐይ የተባለች ሴት ደግሞ መንጃ ፈቃዷ ላይ በ«ቲኤስ»፣ ባንኳ ጋ በ«ኤስ» ብቻ ልትጻፍ ትችላለች። የአንዷ ያልተከፈለ የሆስፒታል ሒሳብ ሌላዋ ፋይል ውስጥ ቢገባ አይገርምም።

የ1970ው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ክሬዲት ቢሮዎቹ አቤቱታን በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45 ቀን አጣርተው መልስ እንዲሰጡ ያዛል። ማጣራት የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ አቤቱታውን ወደ አጭር ኮድ ለውጦ ለአበዳሪው መላክ ነው። አበዳሪው «ትክክል ነው» ካለ ፋይሉ ይዘጋል። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በጥር 2025 ሌላውን ክሬዲት ቢሮ ኢኩፋክስን 15 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው አቤቱታዎችን በአግባቡ ባለማጣራቱ ነው። ስም ያበላሸው ኩባንያው፣ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን ተበዳዩ! የተገለበጠ ፍርድ ነው።

እስኪቃና ድረስ ወረቀት ማከማቸት ግድ ነው። ሦስቱም ዋና ዋና ክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርታቸውን በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ። ስህተቱ የታየበት ቢሮ ሁሉ ለየብቻው ይጻፍለታል፤ የአካውንቱ ቁጥር፣ የመታወቂያና የደረሰኝ ኮፒ ተያይዞ በሪኮማንዴ ቢላክ ይመረጣል። ለአበዳሪው ባንክም ግልባጭ ይላክለታል። ለባንኩ ብቻ ጽፎ መቀመጥ ግን አያዋጣም፤ በዚህ ሕግ ባንኩን መክሰስ የሚቻለው አቤቱታው በክሬዲት ቢሮው በኩል ከደረሰው በኋላ ነው።

ክሬዲት እናጸዳለን እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትን ማለፍ ነው። ሥራው ሳያልቅ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ሲሆን፣ እውነተኛ ዕዳን ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ማንም ሊያስፍቅ አይችልም። ያልተከፈለ ዕዳ ባብዛኛው ሪፖርቱ ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ነው።

የኦሪገኗ ጁሊ ሚለር ፋይሏ ከሌላ ጁሊ ሚለር ፋይል ጋር ተደባልቆባት ለኢኩፋክስ ሁለት ዓመት ያህል ደጋግማ ጻፈች። በመጨረሻ ከሰሰች፤ በ2013 ጁሪው 18.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት፤ ዳኛዋ ግን አብዛኛውን ቀነሱት።