ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

 

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለአንዲት እናት ካፌ ሎጎ ሠርቼ ነበር። የደወሉልኝ ከዙህር በኋላ ነው፤ ከመግሪብ በፊት ጨርሼ ላክሁላቸው። ምን እንደሚሸጡ፣ ማን እንደሚገዛቸው፣ ሎጎው የት እንደሚለጠፍ አልጠየቅሁም። ከኢንተርኔት አንድ የጀበና ምልክት አውርጄ ቀለሙን ቀየርሁ፣ ስማቸውን ከሥሩ ጻፍሁ፣ 1,500 ብር ተቀበልሁ። ዱዓ አድርገውልኝ ተለያየን።

ከወራት በኋላ ደወሉ። "ልጄ፣ የኔ ጀበና ሌላ ሰፈር ካፌ ታፔላ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ለነሱም የሠራኸው አንተ ነህ?" አሉኝ። እኔ አልነበርሁም፤ እንደኔ ያለ ሌላ ልጅ ያንኑ ምልክት አውርዶ ነው። "እኔ አይደለሁም" ብዬ ስልኩን ብዘጋም ልቤ ግን አላረፈም።

መድረሳ የተማርነውን ሐዲስ አስታወሰኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣታቸው እርጥበት አገኘው። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን የረጠበውን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። የኔም ጀበና ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነበር።

በግቢያችን ሎጎ መሥራት የብዙዎቻችን የኪስ ገንዘብ ምንጭ ሆኗል። በላብ የተገኘ ሐላል ሪዝቅ ክብር ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። የማልስማማው ሂደቱን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥረን መዝለላችንን ነው። ሲቪል የሚያጠናው ጓደኛችን አፈሩን ሳይመረምር መሠረት ቢጥል ዝም አንለውም። ደንበኛው የሚከፍለን ለምስሉ ብቻ ሳይሆን ምስሉ ለእሱ እንዲሆን ለደከምንበት ድካምም ነው። ድካሙን ሳንደክም ዋጋውን ከተቀበልን ሚዛን አጉድለናል፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው እህል የሚሰፍሩትን ብቻ አይመስለኝም።

ሂደቱ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። አምና የሐላል ሥጋ ቤት ሊከፍት የተዘጋጀ ደንበኛ "ቢስሚላህ" የሚለው በዐረብኛ ሎጎው ውስጥ እንዲገባለት ፈለገ። ሎጎው የት የት እንደሚታተም ጠየቅሁት። "ዋናው ፌስታል ላይ ነው" አለኝ። ፌስታል ወዴት እንደሚጣል ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ "ወላሂ አላሰብሁትም" አለ። ሳልጠይቅ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ የአላህ ስም ስንት ቦይ ውስጥ ይገኝ ነበር?

ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ነው። ኮምፒውተር ሳይከፈት ብዙ ንድፍ መሞከር ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ለሌላውም መጀመሪያ የመጣለት ነውና። ጀበና፣ ጨረቃ፣ የመስጊድ ጉልላት፣ አረንጓዴ ቀለም፤ እነዚህን ያልደጋገመ ማን አለ?

ከዚያ በጥቁር ብቻ ይፈተናል። በአገራችን ብዙ ድርጅት ክብ ማኅተም አለው፤ ማኅተም ደግሞ ባለ አንድ ቀለም ነው። ስክሪን ላይ በቀለማት ያማረ ሎጎ ማኅተም ላይ ሲገባ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ቀጥሎ በቴሌግራም ፕሮፋይል ክብ ልክ ይቀነሳል። የ"በ"ና የ"ቡ" ልዩነት በጎን ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ጭረቷ ከጠፋች "ቡና" "በና" ይሆናል። ዐረብኛውም እንዲሁ ነው፤ በማይደግፈው ፕሮግራም ሲጻፍ ፊደሎቹ ተቆራርጠው ከግራ ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ። ቁርኣን የቀራ ልጅ ይህን አይቶ እንዴት ያልፋል?

በመጨረሻ ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ይዞ እንደሆነ ይፈተሻል። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ይመዘገባል፤ ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር ለተመሳሳይ ንግድ የሚያምታታ ከሆነ ግን አይመዘገብም። ርክክቡም ባነር ላይ ሲሰፋ በሚደበዝዝ ጄፔግ ብቻ ሳይሆን በቬክተር ፋይል ጭምር መሆን አለበት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ሊጽፉ ሲያስቡ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። የብር ቀለበት አሠሩ፤ ሦስት ቃላትም በሦስት መስመር ተቀረጹበት። ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳያስቀርጽ ከለከሉ። የተከበረውን ማኅተም ከንግድ ሎጎ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ግን ለኛ ትምህርት አለው፤ ከእውነተኛ ፍላጎት ተነሣ፣ አጭርና ግልጽ ሆነ፣ ከሌላ ጋር እንዳይምታታም ተጠበቀ።

"ደንበኛው 500 ብር እየከፈለኝ ይህን ሁሉ ልድከም?" የሚለኝ ወንድም አለ። እውነት አለው። መልሴ ግን ቀላል ነው፤ የረጠበውን ከላይ አድርገው። "በዚህ ዋጋ የምሠራልህ ካንቫ ላይ ከተዘጋጀ ቅጽ ነው፤ ሌላ ሰውም ሊኖረው ይችላል" በለው። ከዚያ ከተስማማ ሐላልህ ነው። ችግሩ ካንቫ መጠቀሙ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው።

አሠሪዎችም ድርሻ አላችሁ፤ የራሳችን ጀመዓ ጭምር። ለፕሮግራም ሎጎ ሲያስፈልገን ከዋዜማው ሌሊት "ፊ ሰቢሊላህ ሥራልን" እንላለን፤ ከዚያ አሥር ጊዜ "ትንሽ ቀይረው" እንላለን። ለአላህ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ይበልጥ መጥራት ሲገባው እኛ ግን በጣም የተጣደፈውን ለእሱ እናደርጋለን። ነፃ ከሆነ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ጊዜም ይሰጠው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጀመዓችን ዲዛይን የምንሠራ ተሰባስበን የአንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ እናዘጋጅ። ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የማሻሻያው ብዛት፣ የሚረከቡት ፋይል ዓይነት፣ ሥራው አዲስ ይሁን ከቅጽ የተወሰደ ይጻፍበት። በሱረቱል በቀራ ብድርን እንድንጽፍ የታዘዝን ሕዝብ ነን፤ ስምምነትን መጻፍ አለመተማመን አይደለም።

እኒያ እናት ጋ ተመልሼ ሄድሁ። ገንዘባቸውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ፤ "አስተካክለው" ብቻ አሉኝ። አንድ ጠዋት ካፌያቸው ተቀምጬ አየሁ። ሰው የሚሰለፈው ለፈጢራቸው ነው። ቡና የሚያዝ ጥቂት ነበር። መጀመሪያ ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን በአንድ ደቂቃ ይነግሩኝ ነበር።

አላህ ሥራችንን በኢሕሳን የምንሠራ፣ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።