ስለ አንድ ወጣት ምኞትና ስለ ሞቶር ቢስክሌት እሽቅድምድም

ባለፈው ወር አንድ የጋይንት ሰው፥ የሥጋ ዘመዳችን፥ በመሬት ክርክር ይግባኝ ብለው ከነፋስ መውጫ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበርና፥ ጉዳያቸው በመዝገብ ከገባ በኋላ ወደ ቤታችን ይዘናቸው ሄድን። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፥ ልባቸውን የከበደው የመሬቱ ክርክር እንዳልሆነ ገባን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «አንተ ከቄስ ትምህርት ቤትም ከፈረንጅ ትምህርት ቤትም የተማርህ ነህና ንገረኝ። በሞቶር መሽቀዳደም ሥራ ነውን? ወይስ ቁማር ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የበኵር ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። አጎቱ ለሥራ የሚነዳትን ሞቶር ቢስክሌት እየለመነ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው ጐዳና ላይ መጋለብ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ በስልኩ የአንድ አፍሪካዊ ተሽቀዳዳሚ ሥዕል አሳይቶ፥ «እኔም እንደዚህ ሰው እሆናለሁ» ብሏቸዋል። እናቱ የስማዳ ሴት ናቸው፤ ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

እኛም ፈገግ አልን፤ ዘመዳችን በወጣትነታቸው በእስቴ የጥምቀት ሜዳ ጕግስ ሲጫወቱ ከፈረስ ወድቀው የብብት አጥንታቸውን እንደ ሰበሩ፥ እናታቸውም «ዳግመኛ ፈረስ ብትቀመጥ» ብለው እንደ ገዘቷቸው፥ እርሳቸውም በዓመቱ እንደ ተቀመጡ እናውቃለንና። ይህን ብናስታውሳቸው፥ «ፈረስ ዐይን አለው፤ ገደል ሲያይ ይቆማል» አሉን። ለዚህ መልስ አላገኘንም። «አያ፥ ጠይቀንና አንብበን እንነግርዎታለን» ብለን ሸኘናቸው። ያገኘነውንም፥ እንደ እርሳቸው የሚጨነቁ ወላጆች በየአውራጃው ይኖራሉ ብለን፥ በዚህ ዐምድ ጻፍነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ልጁ ሥዕሉን ያሳየው ሰው ብራድ ቢንደር ይባላል። በኦገስት 11 ቀን 1995 በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም በምትባል ከተማ ተወለደ። የ8 ዓመት ሕፃን ሳለ በትንንሽ የእሽቅድምድም መኪና ጀምሮ፥ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሞቶር ቢስክሌት ዞረ። በአገሩ የሚያስመሰግን ልጅ ቢሆንም፥ የዚህ ሥራ ታላቅ ገበያ ያለው በአውሮፓ፥ ይልቁንም በእስፓኝና በኢጣልያ ነውና፥ ገና በ14 ዓመቱ አካባቢ ለጀማሪዎች በሚደረገው የአውሮፓ ውድድር ገባ። እንግዲህ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ፤ ሌላው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ባለበት ዕድሜ እርሱ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ ወጪውም በቤተ ሰብና በረዳቶች ጫንቃ ላይ ነበረ።

የዓለሙ ውድድር ሦስት ደረጃ አለው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት የሚደግም እንደሌለ፥ በዚህም ታችኛውን ሳያልፍ ላይኛውን የሚደርስ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ሞቶ ስሪ ይባላል፤ ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር 250 ሲ.ሲ. ነው። ሁለተኛው ሞቶ ቱ ሲሆን፥ ከ2019 ጀምሮ ባለ ሦስት ሲሊንደር 765 ሲ.ሲ. ሞተር ይዟል። የላይኛው ሞቶ ጂፒ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ 1,000 ሲ.ሲ. ሆኖ ቆይቶ ከ2027 ወዲያ ወደ 850 እንዲወርድ ተደንግጓል። የዚህ የላይኛው መኪና ክብደት 157 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቢንደር በ2023 በኢጣልያ በሙጄሎ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ነድቶባታል። ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን የሚያውቅ የጋይንት ሰው ፍጥነቱን ራሱ ያስላው።

ቢንደር ወደ ዓለሙ ውድድር የገባው በ2011 ነው። የመጀመሪያውን ድል ያገኘው ግን በ2016 ነው። በዚህ መካከል አምስት ዓመት አለፈ፤ በ2014 የማሂንድራን መኪና እየነዳ በጀርመን አገር ሁለተኛ ከመውጣቱ በፊት በሽልማት መድረክ ላይ እንኳ አልቆመም ነበር። የልጃቸውን ሥዕል በስልክ የሚያዩ ወላጆች የሚያዩት ዋንጫውን ነው፤ አምስቱ ዓመት በሥዕሉ ላይ የለም።

የ2016ቱ ድል እንዴት እንደ ሆነ ግን ብንተርከው ደስ ይለናል። በእስፓኝ በሄሬስ ከተማ፥ በአፕሪል 24 ቀን፥ ቢንደር ከፊት ሊሰለፍ የሚገባው ሲሆን፥ በመኪናው የኤሌክትሪክ አእምሮ ውስጥ ያልተፈቀደ ፕሮግራም ተገኘ ተብሎ ከሰልፉ መጨረሻ፥ 35ኛ፥ እንዲነሣ ዳኞች ፈረዱበት። ፕሮግራሙን የጫኑት መካኒኮቹ ናቸው፤ የተቀጣው ግን ነጂው ነው። እኛ የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንን እንዲህ ያለ ፍርድ ስናነብ ብዕራችን ቆም ይላል፤ ነገር ግን በዚያ ሥራ ነጂና መካኒክ እንደ አንድ ሰው ይቈጠራሉ፥ ሕጉም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልጁም አልተከራከረም። ሠላሳ አራቱን አንድ በአንድ አልፎ በ23ኛው ዙር መጨረሻ ቀዳሚ ሆነ። በዚያው ዓመት፥ አራት ውድድር ገና ሲቀር፥ የሞቶ ስሪ የዓለም አሸናፊነትን ወሰደ።

ደስታው ግን ረጅም አልነበረም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቫሌንሲያ አዲሱን መኪና ሲሞክር ወድቆ የግራ ክንዱን ሰበረ፤ በ2017ም ዳግመኛ መታከም አስፈልጎት ጥቂት ውድድር አመለጠው። በ2019 በሞቶ ቱ አምስት ጊዜ አሸንፎ ሳለ፥ በሦስት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። በኦገስት 9 ቀን 2020፥ 25 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በላይኛው ደረጃ ገና በሦስተኛ ውድድሩ በቼክ አገር በብርኖ ቀደመ። ለደቡብ አፍሪካም ለኬ.ቲ.ኤም. ፋብሪካም በዚያ ደረጃ የመጀመሪያው ድል ነበር። ወረርሽኙ የበረታበት ዓመት ስለ ነበረ የተመልካቹ ቦታ ባዶ ነበር፤ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ አልነበረም።

በ2021 በኦስትሪያ ያገኘውን ድል ግን ለወጣቶች ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም። ሊያበቃ ጥቂት ዙር ሲቀረው ዝናም ጣለ፤ ከፊት የነበሩት ለዝናም የተዘጋጀ መኪና ለመቀየር ሲወጡ እርሱ ጥርስ በሌለው የደረቅ ጊዜ ጎማ ቀጥሎ አሸነፈ። ልበ ሙሉነቱን እናደንቃለን፤ በጉና ሥር በክረምት ጭቃ ላይ ይህን የሚሞክር ልጅ ቢኖር ግን የት እንደምንፈልገው እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህስ? እስከ 2025 ዓመት መጨረሻ ድረስ የእሑዱን ታላቅ ውድድር ዳግመኛ አላሸነፈም፤ በ2023 ግን በቅዳሜው አጭር ውድድር ሁለት ጊዜ ቀድሟል። ደግሞም የሚያሠራው ፋብሪካ በ2024 መጨረሻ ዕዳ ከብዶት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። በ2025 ገንዘብ አውጥቶ ያዳነው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባጃጅ ነው! በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ መንገድ ላይ ሰው የምታመላልሰውን ባለ ሦስት እግር የሠራው የሕንዱ ኩባንያ። ዘመዳችን ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። እኛ ግን የነገርናቸው ለሣቅ አልነበረም፤ እጅግ የተካነ ነጂ እንኳ እንጀራው በሌላ ሰው ሒሳብ መዝገብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ይረዱ ዘንድ ነው።

ስለ ገንዘቡ ጠይቀውን ነበር። በላይኛው ደረጃ ያሉት የፋብሪካ ነጂዎች ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ በታችኛው ደረጃ ካሉት ወጣቶች ግን ብዙዎቹ ደመወዝ ተቀባዮች ሳይሆኑ ገንዘብ አምጪዎች ናቸው። ረዳት ነጋዴ ፈልገው፥ ወይም አባታቸው ከፍሎ፥ ቦታ ያገኛሉ። ይህን ሳያውቅ ቤቱን የሚሸጥ አባት እንዳይኖር ብለን በግልጽ ጻፍነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። «ሲወድቅ ማን ያነሣዋል?» ብለው ልከውብን ነበር።

መሸሸግ አይገባንም። በ1961 በሁለት ደረጃ የዓለም አሸናፊ የሆነ፥ በሮዴዥያ ያደገ ጋሪ ሆኪንግ የሚባል ወጣት ነበር። በ1962 በማን ደሴት ባልንጀራው ቶም ፊሊስ በውድድር ላይ ሲሞት አይቶ፥ በዚያው ሳምንት አንድ ታላቅ ውድድር ካሸነፈ በኋላ «ይብቃኝ» ብሎ ሞቶርን ተወ። ወደ አፍሪካ ተመልሶ የመኪና እሽቅድምድም ያዘ፤ በዲሴምበር በዚያው ዓመት በደርባን ሲለማመድ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበረ። በእኛም ዘመን በ2021 ዣሶን ዱፓስኪዬ የተባለ የ19 ዓመት የስዊስ ወጣት በሙጄሎ ወድቆ ሞቷል፤ በዚያው ዓመት በሌላ ውድድር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሞተ። ከዚህ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ ማኅበር፥ ለጥቂቶች ከሚደረግ ልዩ ፈቃድ በቀር፥ ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 18 ያልሞላ በዓለሙ ውድድር እንዳይገባ የደነገገው። ሕግ ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ ይመጣል።

ሆኖም የሚያነሣም አለ። ከ2018 ጀምሮ በዓለሙ ውድድር የሚነዳ ሁሉ፥ ሲወድቅ በቅጽበት በነፋስ ተሞልቶ ትከሻና ደረት የሚጠብቅ ልብስ እንዲለብስ ግዴታ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ሰፊ የጠጠር ሜዳ የወደቀውን ያቀዘቅዛል፤ ሐኪሞችም በየማዕዘኑ ቆመው ይጠብቃሉ። እስፓኛዊው ማርክ ማርኬዝ በ2020 የቀኝ ክንዱን ሰብሮ አራት ጊዜ ከተቀደደ በኋላ፥ በ2025 በጃፓን ዳግመኛ የዓለም አሸናፊ ሆኗል። ከጨጨሆ መንገድ ጋራ ያለው ልዩነት ይህ ነው። በዚያ በኩል ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል፤ በእኛ በኩል ጭድ የጫነ አህያ፥ የጭነት መኪና፥ ከገበያ የምትመለስ ሴት፥ ጉም ይመጣል። በእውነቱ ልጁ እስካሁን ሲነዳበት የነበረው መንገድ ሊሄድበት ከሚመኘው የበለጠ ያስፈራናል።

«ከእኛ አገር በሁለት ጎማ ለእንጀራ የበቃ አለን?» ለሚለው ጥያቄ፥ በሞቶር ሳይሆን በእግር በሚመታው ብስክሌት አለ። በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ መጀመሪያ ስትገባ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌት ነጂዎች ነበሯት። ከመቀሌ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለሞቶር ግን በጋይንትም በስማዳም በእስቴም የእሽቅድምድም መም የለም፤ በአዲስ አበባም ከ2019 ጀምሮ ሞቶር ያለ ልዩ ፈቃድ አይነዳም።

ስለዚህ ለዘመዳችን የጻፍንላቸው ምክር ይህ ነበር። አያ፥ ልጁን «ተው» ብለው አይገዝቱት፤ እርስዎም ተገዝተው አልተዉም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይጨርስ፤ በዕረፍት ጊዜው በደብረ ታቦር ከአንድ ጋራዥ ገብቶ ሞተር መፍታትና መግጠም፥ ፍሬንና ፍሪሲዮን ማበጀት ይማር። ያ እጅ መም ባያገኝ እንኳ እንጀራ ያገኛል። መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ በጐዳና አይውጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የራስ ቍር ይግዙለት፤ እስካሁን ያለ ራስ ቍር ሲነዳ እንደ ነበረ ስንሰማ ነው የደነገጥነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ በሰው እጅ መጣልን። ልጁ ስለ ጋራዡ እሺ ብሏል፤ ስለ ትምህርቱ ግን ገና ከአባቱ ጋራ እየተከራከሩ ነው። በፖስታው ውስጥ ከደብዳቤው ጋራ የተጠቀለለ ነጭ ፈትል ነበር። ልጁ ተኝቶ ሳለ እናቱ ራሱን ዙሪያውን ለክተው በጥርሳቸው የቈረጡት ነው፤ የራስ ቍሩን በልኩ እንድንገዛ። በሜትር ብንለካው 57 ሆነ። ቅዳሜ መርካቶ ወርደን ሦስት ሱቅ ጠየቅን፤ የተገኘው ሁሉ አናትን ብቻ የሚሸፍን፥ አገጭን የማይዝ ነው። ፊትን ጭምር የሚሸፍነው እስኪገኝ ድረስ ፈትሉን ከጽሕፈት ጠረጴዛችን መሳቢያ አኑረነዋል።