ለፈንግል መድኃኒቱ ቀድሞ መከተብ ነው

በከሚሴና በአካባቢዋ፣ ከዳዋ ጨፋ እስከ ባቲ፣ ዶሮ የገበሬው ቤተሰብ የእጅ ገንዘብ ነው። ጨውና ቡናው፣ የልጆች ደብተርና እርሳሱ ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የሚገኝ ነው። ይህን ሀብት በጥቂት ቀናት ጠራርጎ የሚወስደው ፈንግል ነው።

የፈንግል መንስኤ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ዶሮዋን ሲይዛት የሰውነቷ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ ለእርዳታ እንደሚነፋ ጡሩምባ ነው፤ ተከላካይ ሴሎችን ይጠራሉ፣ ትኩሳት ያስነሳሉ፣ የደም ሥሮችን አስፍተው እብጠት ያመጣሉ። ጥሪው በልክ ሲሆን ዶሮዋን ይጠብቃታል። ኃይለኛው ቫይረስ ግን በፍጥነት ስለሚራባ ጥሪው ከልክ ያልፋል፤ ለመከላከል የተነሣው ኃይልም ቫይረሱ በሚያደርሰው ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት ይጨምራል። ዶሮዋ ጥሬ የምትተወው፣ የምትኮማተረውና የዐይኗ ዙሪያ የሚያብጠው ስለዚህ ነው። አንገቷ ከተጠመዘዘ ደግሞ በሽታው ነርቭ ደርሷል።

በዚህ ጊዜ የሚደረግ ሕክምና የለም። ብዙዎች ገዝተው የሚሰጡት ቴትራሳይክሊን በባክቴሪያ ላይ እንጂ በቫይረስ ላይ አይሠራም። ክትባት ግን የዶሮዋን ሰውነት አስቀድሞ ጠላቱን ያስተዋውቀዋል፤ ቫይረሱ ሲመጣ ብዙ ሳይራባ ስለሚያዝ ጥሪውም ከልክ አያልፍም።

ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ይመረታል። አሰጣጡም ቀላል ነው፤ ለአንዲት ዶሮ በዐይኗ አንድ ጠብታ ይበቃል። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ክትባት ይይዛል፤ ከተከፈተም በኋላ ብዙ አይቆይም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። መንደሩ በአንድነት ሲያስከትብ ግን ወጪው ይቀላል፤ በሽታውም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መሻገሪያ ያጣል።

ስለዚህ ይህ ሥራ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሥራ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ አንድ ወር አስቀድሞ የየመንደሩን ዶሮዎች ቁጥር መዝግበው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማቅረብ፣ የክትባቱን ቀን ቆርጠው ማስታወቅ፣ ክትባቱም በየ3 ወይም በየ4 ወሩ እንዲደገም መከታተል ይገባቸዋል። የሚከተቡት ጤነኞቹ ናቸው። የታመመችው ተለይታ ትቀመጥ፤ የሞተችው ትቀበር ወይም ትቃጠል። የታመመች ዶሮ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ከተወሰደች ግን ፈንግልን ለሌላው መንደር ማድረስ ይሆናል።

ዶሮ ማለቅ ከጀመረ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ የሞተውን ከመቁጠር አያልፍም። ስብሰባው መጠራት ያለበት ዶሮዎቹ ጤነኞች ሳሉ ነው።